ከፓሪስ እስከ ባቲ ዳገት፦ የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወት

ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ግርግሩን ያውቀዋል። ከቆላው የአፋር ሰው ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፤ ከደጋው እህልና ቅቤ ይወርዳል፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ሁሉም እዚያው ይገናኛል። ድሮ ይህ ሁሉ ዕቃ የሚጓጓዘው በሰው ትከሻና በእንስሳ ጀርባ ነበር። ዛሬ ግን አስፋልቱ ዳር አይሱዙው፣ ፒካፑ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ ተደርድሮ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሾፌር ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ነው ሰው የሚጭነው። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ናፍጣ ነው ወይስ ቤንዚን?

ናፍጣ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው። በሌላው ዓለም አብዛኛው ሰው የሚጠራው ዲዝል እያለ ነው። ይሄ ዲዝል የሚባለው ነገር ታዲያ የነዳጅ ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነበር። እኔ የጠየቅኳቸው ጓደኞቼ አብዛኞቹ የፋብሪካ ስም ነው የመሰላቸው። ሰውየው ግን አባትና እናት የነበሩት፣ ሦስት ልጆች የወለደ፣ ሀብታም ሆኖ መልሶ የደኸየ፣ በመጨረሻም ከመርከብ ላይ እንደወጣ የቀረ መሐንዲስ ነው። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው መጋቢት 18 ቀን 1858 ፓሪስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ግን ፈረንሳዮች አልነበሩም፤ ከጀርመኗ ባቫሪያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር የቆዳ ሥራ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ሲሆን እናቱ ኤሊዘ ትባላለች። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ልጁም አባቱ የሠራቸውን የቆዳ ዕቃዎች በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ የፓሪስን የቴክኒክ ሙዚየም መጎብኘት ይወድ እንደነበር ይነገራል።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሺያ መካከል ጦርነት ተነሳ። ጀርመን የሆነ ሁሉ ከፈረንሳይ እንዲወጣ ሲደረግ የዲዝል ቤተሰብም ያለውን ሰብስቦ ወደ ለንደን ተሰደደ። እዚያም ኑሮ አልተመቻቸውም። በመጨረሻ ወላጆቹ የ12 ዓመቱን ልጅ ለብቻው ወደ ጀርመን፣ አውግስቡርግ ወደምትባለው ከተማ፣ አክስቱና ባሏ ዘንድ ላኩት። የአክስቱ ባል የሒሳብ መምህር ነበር። እኛ አገር ልጅ ለትምህርት ከገጠር ወደ ከተማ ዘመድ ቤት ይላክ የለ? ያው ነው። ልዩነቱ እሱ የሄደው በጦርነት ምክንያት፣ ድንበር አቋርጦና ብቻውን መሆኑ ነው። በ14 ዓመቱ ለወላጆቹ በጻፈው ደብዳቤ መሐንዲስ መሆን እንደሚፈልግ ነግሯቸዋል። በትምህርቱም ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ ቀጠለና በ1875 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ሙኒክ ወደሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ።

ሙኒክ ላይ ካስተማሩት ፕሮፌሰሮች አንዱ ካርል ፎን ሊንደ ነው። ይህ ሰው ዛሬ በየቤቱ ያለውን ፍሪጅ ለመሥራት መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። አንድ ቀን ሊንደ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር ከከሰሉ ከሚገኘው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው አንድ አሥረኛው ቢሆን ነው፣ ከዚያም ያነሰ ጊዜ አለ፣ ሌላው ሁሉ በጭስና በእንፋሎት ባክኖ ይጠፋል ብሎ አስረዳ። ተማሪው ዲዝል ይህን በደብተሩ ጥግ ላይ ማስታወሻ አድርጎ ያዘው። ከሚቃጠለው ነገር ዘጠኝ እጁ ከንቱ መቅረቱ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የኖረ ቁጭት ሆነ። እኔ በበኩሌ የዚህን ሰው ሕይወት ሳነብ ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይሄ ነው፤ አንድ የክፍል ውስጥ ማብራሪያ አንድን ሰው ለ20 ዓመት ሊነዳው ይችላል።

ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል በ1879 በታይፎይድ ታመመና ከጓደኞቹ ጋር መመረቅ አልቻለም። እስከሚቀጥለው ፈተና ድረስ ስዊዘርላንድ ሄዶ በአንድ የማሽን ፋብሪካ ውስጥ በተግባር ሠራ። በጥር 1880 ተፈተነና በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ከዚያም መምህሩ ሊንደ ፓሪስ ላይ በሚያሠራው የበረዶ ፋብሪካ ቀጠረው። ዓመት ሳይሞላው ኃላፊ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የምትባል ሴት አገባ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። በ1890 ቤተሰቡን ይዞ ወደ በርሊን ተዛወረ። ቀን ቀን የሊንደን የማቀዝቀዣ ማሽን ይሸጣል፣ ይተክላል፤ ማታ ማታ ግን የራሱን ሞተር ያስባል። መጀመሪያ በውሃ እንፋሎት ፈንታ በአሞኒያ የሚሠራ ሞተር ሞክሮ ዓመታት ፈጅቶበት ነበር፤ አልሆነም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን በናፍጣና በቤንዚን ሞተር መካከል ያለውን ልዩነት ብናይ ጥሩ ነው፤ ያለ እሱ የሰውየው ድካም አይገባንም።

የቤንዚኑ ሞተር ከዲዝል በፊት ነበር። ኒኮላውስ ኦቶ የሚባል ጀርመናዊ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተር ሠርቷል፤ ካርል ቤንዝ ደግሞ በ1886 ለመኪናው ፓተንት አግኝቷል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየሩና ቤንዚኑ ተደባልቀው ሲሊንደር ውስጥ ይገባሉ፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ይጨምቃቸዋል፤ ከዚያ ካንዴላው እሳት ይረጭና ይፈነዳል። ጭመቁ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 እጥፍ ነው። ከዚያ በላይ እንጭመቅ ቢባል ድብልቁ ካንዴላውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይፈነዳና ሞተሩ ይንኳኳል፣ ይጎዳል።

የዲዝል ሐሳብ ይህን ችግር ገልብጦ መጠቀም ነው። ነዳጁ ቀድሞ ካልገባ ቀድሞ ሊፈነዳ አይችልም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ባዶ አየር ብቻ ይሁን፤ አየሩ በጣም ይጨመቅ፤ የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፖምፓው እንደሚሞቀው ሁሉ የተጨመቀው አየርም ይግላል። በዛሬዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ጭመቁ ከ14 እስከ 22 እጥፍ ይደርሳል፤ የአየሩ ሙቀትም ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። በዚህ ሰዓት ነዳጁ በትንሹ ሲረጭበት ክብሪትም ካንዴላም ሳያስፈልገው በራሱ ይቀጣጠላል። ብዙ የተጨመቀ ጋዝ መልሶ ሲለጠጥ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህም ከአንድ ዓይነት ሙቀት የናፍጣው ሞተር የበለጠ ጉልበት ያወጣል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይልቅ ከአሥር በመቶ በላይ ብልጫ ያለው ኃይል አምቆ ይይዛል። በአገራችን መንገድ ላይ ናፍጣ ቆጣቢ ነው የሚባለው ወሬ መነሻው እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ዲዝል በ1892 ለሐሳቡ የፓተንት ጥያቄ አቀረበ፤ በ1893 መጀመሪያ ላይም ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት ሐሳቡን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ። ወረቀት ላይ ያለ ሞተር ግን ዳገት አይወጣም። ገንዘብና ፋብሪካ ያስፈልገዋል። ለብዙ ኩባንያዎች ጻፈ። በመጨረሻ የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ዳይሬክተር የነበረው ሃይንሪክ ፎን ቡትስ እሺ አለው፤ ታዋቂው የብረት ኩባንያ ክሩፕም ገንዘብ ለማዋጣት ተስማማ። በልጅነቱ በስደት የገባባት ከተማ ናት እንግዲህ ሞተሩ የተወለደባት።

የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር ነሐሴ 10 ቀን 1893 ተሞከረ። የሚገርመው ነገር በዚያን ቀን የተረጨው ነዳጅ ቤንዚን ነበር! የናፍጣ ሞተር አባት የመጀመሪያውን ፍንዳታ የሰማው በቤንዚን ነው። ፍንዳታው ከተገመተው በላይ ኃይለኛ ስለነበር ግፊቱን የሚለካው መሣሪያ ተሰባብሮ ስብርባሪው ተበተነ። ሞተሩ በራሱ መሽከርከር አልቻለም። ዲዝል ግን ደስ ብሎት ነው የወጣው፤ አየር በመጭመቅ ብቻ ነዳጅ እንደሚቀጣጠል በዓይኑ አይቷላ። በየካቲት 1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ዞረ። አንድ ደቂቃ! ከዚያ በኋላ እንደገና መፍታት፣ እንደገና መግጠም ሆነ። የከሰል ዱቄት ሞከሩ፣ ላምባ ሞከሩ፣ ነዳጁን የሚረጨውን ክፍል ደጋግመው ቀየሩ። መጀመሪያ በመጽሐፉ ላይ ካሰበው ነገር ብዙው በተግባር አልሠራም፤ ስለዚህም በኋላ ተቺዎቹ የሠራኸው ሞተር በፓተንቱ ላይ ያለው አይደለም እያሉ ከሰሱት፣ አንገላቱት።

አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የካቲት 17 ቀን 1897፣ ሞሪትስ ሽሮተር የተባለ የሙኒክ ፕሮፌሰር መጥቶ ሦስተኛውን ሞተር በይፋ ለካ። ሞተሩ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ግንብ ነው። ጉልበቱ ግን ወደ 18 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከትንሿ ቪትዝ እንኳ በብዙ ያንሳል። ዋናው ቁጥር ሌላ ነው። ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የተለወጠው 26.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ ሞተር በዓለም ላይ አልነበረም። ተማሪ ሆኖ በደብተሩ ጥግ የያዘው ማስታወሻ መልስ ያገኘው እንግዲህ በ39ኛ ዓመቱ ዋዜማ ነው። ሞተሩ አሁን ሙኒክ በሚገኘው ዶይቸስ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ መጣ፤ ጎረፈ ማለት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የቢራ ፋብሪካ የነበረው አዶልፈስ ቡሽ የአሜሪካንና የካናዳን መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ። ከሌሎች አገሮችም ፈላጊ በዛ። ዲዝል ሙኒክ ላይ ትልቅ ቪላ አሠራ። ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ገዝተው የሠሯቸው የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ጀመር፤ ደንበኛ ማሽኑን መለሰ፤ ስሙ ተነሳ። በ1898 ጤናው ታወከና ወደ ማገገሚያ ገባ። ራስ ምታቱና የነርቭ ሕመሙ ከዚያ በኋላ ጨርሶ አለቀቀውም። ያገኘውን ገንዘብ ደግሞ በመሬትና በነዳጅ ንግድ ላይ አውጥቶ አብዛኛውን ከሰረ። ሞተር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ንግድ ያውቃል ማለት አይደለም።

ስለ ሰውየው ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ዲዝል ሞተሩን ያሰበው ለትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አልነበረም። እንደ አባቱ ያለው ትንሽ የእጅ ባለሙያ፣ ግዙፍ የእንፋሎት ማሽን መግዛት የማይችለው፣ በርካሽ ነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር አግኝቶ ከትልቁ ካፒታሊስት ጋር እንዲወዳደር ይመኝ ነበር። በ1903 ሶሊዳሪስሙስ የተሰኘ መጽሐፍ ጽፎ ሠራተኞች ተደጋግፈው፣ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ሥራ ስለሚመሩበት መንገድ ሐሳቡን አቀረበ። ዕቁብና ማኅበር የለመደ የእኛ አገር ሰው ሐሳቡን አንብቦ አይደነቅም ነበር። በጀርመን ግን የሚገዛው ሰው ጠፍቶ መጽሐፉ ሳይሸጥ ቀረ። በሞተሩ የተጠቀሙትም በመጀመሪያ ትልልቆቹ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች፣ መርከቦች፣ ሰርጓጅ የጦር መርከቦች። በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ውቅያኖስ አቋርጣ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ደረሰች።

በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ሐሳቡ የፈረንሳይ መንግሥት ነበር፤ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ከሚበቅለው ለውዝ ነዳጅ ማግኘት ይፈልግ ነበር። ዲዝልም ከዓመታት በኋላ ይህን አንስቶ የዕፅዋት ዘይት አንድ ቀን ትልቅ ቦታ እንደሚኖረው ጽፏል። ባቲ ገበያ ላይ ኑግና ሰሊጥ ሲሸጥ ሳይ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ዛሬ ባለው የዘይት ዋጋ ግን ማንም ኑግ መኪናው ውስጥ አይጨምርም።

በ1913 የዲዝል ዕዳ ከሀብቱ በልጦ ነበር። ቤተሰቡ ግን ይህን በሙሉ አያውቅም። በመስከረም ወር ከቤቱ ሲወጣ ለሚስቱ አንድ ቦርሳ ሰጣትና እስከሚቀጥለው ሳምንት እንዳትከፍተው ነገራት። መስከረም 29 ቀን ማታ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቤልጂግ ውስጥ አንትወርፕ ላይ ድሬስደን የተባለች የእንፋሎት መርከብ ተሳፈረ። የሚሄደው እንግሊዝ ውስጥ ለኩባንያ ስብሰባ ነበር። አብረው እራት በሉ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ተሰናብቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲቀሰቅሱትም አዘዘ። ጠዋት ሲሄዱ ክፍሉ ባዶ ነው። የሌሊት ልብሱ ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ አልጋው አልተነካም። ባርኔጣውና ካፖርቱ ከመርከቡ የኋለኛ አጥር ሥር ተጣጥፈው ተገኙ። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በዚያን ቀን ቦታ የመስቀል ምልክት ተደርጎ ነበር። ዕድሜው 55 ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ አንዲት የኔዘርላንድ ጀልባ ባሕር ላይ አስከሬን አገኘች። አስከሬኑ ፈርሶ ስለነበር ጀልበኞቹ ከኪሱ ያገኙትን ዕቃ ብቻ፣ የመድኃኒት ማስቀመጫ፣ ቦርሳ፣ ሰንጢ፣ የመነጽር ቤት፣ ወስደው ሥጋውን ለባሕሩ መለሱት። ልጁ ኦይገን ዕቃውን አይቶ የአባቴ ነው አለ። ሚስቱ ያን ቦርሳ ስትከፍተው 200 ሺህ ማርክ ጥሬ ገንዘብና የባንክ ሒሳቦቹ ሁሉ ባዶ መሆናቸውን የሚያሳዩ ወረቀቶች አገኘች።

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ብንል አይከፋም። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ጋዜጦች ወሬውን ተቀባበሉት። አንዱ የጀርመን መንግሥት ምሥጢሩን ለእንግሊዝ እንዳይሸጥ አስገደለው አለ፤ ሌላው የነዳጅ ባለሀብቶች እጅ አለበት አለ፤ እንዲያውም በሕይወት አለ ያለም አልጠፋ። ወቅቱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ስለነበር ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ወሬ ለማመን ዝግጁ ነበር። ለየትኛውም ግድያ ግን ማስረጃ ያቀረበ የለም። የቦርሳው ገንዘብ፣ ባዶው ሒሳብና የመስቀሉ ምልክት ራሱን አጥፍቷል ወደሚለው ያደላሉ፤ የታሪኩን ጸሐፊዎች ብዙዎቹም ወደዚያው ነው የሚያዘነብሉት። የቤቱን ሁኔታ በውስጥ የሚያውቀው ልጁ ኦይገን በ1937 የአባቱን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል።

ዲዝል በሕይወት ዘመኑ በሞተሩ የምትሄድ የቤት መኪና በገበያ ላይ አላየም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእሱ ጊዜ ነዳጁ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው በተጨመቀ አየር ነበርና ለዚህ የሚሆነው መጭመቂያ ራሱ ከባድ ማሽን ነው፤ መኪና ላይ አይጫንም። ነገሩ የተቃለለው በኋላ ነው። በ1924 አካባቢ የጀርመን ፋብሪካዎች የናፍጣ ጭነት መኪና አወጡ፤ በ1927 የቦሽ ኩባንያ አነስተኛ የነዳጅ መርጫ ፓምፕ በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1936 መርሰዲስ 260 ዲ የተባለችው የናፍጣ አውቶሞቢል ታየች። ይህች መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ተኩል ያህል ስትበላ በመጠን የምትመስላት የቤንዚን መኪና 13 ሊትር ገደማ ትፈጅ ነበር። በብዛት የገዟትም ታክሲ ነጂዎች ናቸው።

ወደ እኛ አገር የመጣው ደግሞ በጣሊያን በኩል ነው። ፊያት በ1931 634 ኤን የተባለውን ትልቅ የናፍጣ ጭነት መኪና አወጣ። የድሮ ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት እሱን ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤን ናፍታ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣች ናት፤ ናፍጣ ማለት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የደሴ–አሰብን መንገድ ሲሠሩ መንገዱ ባቲን አቋርጦ ወደ አፋር በረሃ ወረደ። ከነጻነት በኋላም ለአሥርት ዓመታት የአሰብ ጭነት ያለፈው በዚሁ በኩል ነው፤ በኋላ ፊያት 682 ኤን 3 ያንን መንገድ ገዛው፤ እሱም መጨረሻ ላይ ያችኑ ኤን ይዟል። በ1998 የኢትዮ–ኤርትራ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ አሰብ ሲዘጋ ተሳቢዎቹ በጋላፊና በሚሌ አድርገው ከጅቡቲ ይመላለሱ ጀመር። ባቲ ላይ ሌሊት የሚሰማው የከባድ መኪና ድምፅ እንግዲህ ያ በአውግስቡርግ ለአንድ ደቂቃ የዞረው ሞተር ልጅ ልጅ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር በሐሳቤ የነበረው ዲዝል ብቻ አይደለም፤ አጎቴም ነበር። አጎቴ የሚኖረው ባቲ ነው፤ ሥራው ኮምቦልቻ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በገርባና በደጋን በኩል ዳገትና ቁልቁለቱን እየወጣ እየወረደ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ለዓመታት በሚኒባስ ተመላልሶ ሰልቸት ብሎት ነበር። ዕቁቡ ሲደርሰው ከባለቤቱ ቁጠባ ጋር ጨምሮ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ተነሳ። ሁለት መኪና አገኘ፤ አንዱ የቤንዚን ኮሮላ፣ ሌላው የናፍጣ ፒካፕ። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ናፍጣ ግዛ አለው። ባለቤቱም ሰኞ ሰኞ እህል ስለምትነግድ ፒካፑ ላይ ዓይኗን ጥላለች።

እስቲ አብረን እናስላ። በቀን ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት ብንል 24,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ መኪኖች እኩል ክብደት ቢኖራቸውና ቤንዚኑ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ናፍጣው 6 ሊትር ቢበላ ብለን እንያዝ። ቤንዚኑ በዓመት 1,920፣ ናፍጣው 1,440 ሊትር ይፈጃል። ናፍጣው 480 ሊትር አተረፈ ማለት ነው። ለዚህም ነው ረጅም መንገድ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ላለው ሰው ናፍጣ የሚመረጠው። ነገር ግን ለአጎቴ የቀረቡለት እኩል መኪኖች አይደሉም። ፒካፑ ከባድና ቁመቱ ረጅም ነው፤ ንፋስ ይገፋዋል። 10 ሊትር ቢበላ በዓመት 2,400 ይሆናል፤ ያው 480 ሊትር፣ ግን አሁን በኪሳራ በኩል። የሞተሩን ዓይነት ብቻ አይቶ የመኪናውን ክብደት የረሳ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ጥገናውም አለ። የናፍጣ ሞተር ያን ሁሉ ጭመቅ ለመቻል ወፍራም ብረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ፓምፑና ነዳጅ መርጫው እጅግ ጥቃቅን ልኬት ያላቸው ስለሆኑ ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ቶሎ ያበላሻቸዋል፤ አንዴ ከተበላሹ ወጪው ከካንዴላ መቀየር ጋር አይወዳደርም። ዳገት ላይ ግን ናፍጣው ዝቅ ባለ ዙር ብዙ ጉልበት ስላለው ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀየር አያስፈልገውም፤ ቱርቦ ካለውም ከፍታው አያደክመውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ናፍጣም ይሁን ቤንዚን፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ባቲ 1,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ከዚያ ከፍ ብላ የምትገኝ ናትና ነገሩ ቀላል አይደለም። ሰው ናፍጣ ቁልቁለት ላይ በሞተሩ ይይዛል ይላል፤ ለብቻው ሲታይ ግን እንዲያ አይደለም። የናፍጣ ሞተር የአየር መግቢያውን የሚያጠብ መዝጊያ ስለሌለው የጨመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል። ትልልቆቹ መኪኖች የጭስ መውጫውን የሚዘጋ ልዩ ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው።

ጭሱን ደግሞ መርሳት የለብንም። በሰኔ 2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ መደበው። በ2015 ቮልክስዋገን የናፍጣ መኪኖቹን ጭስ በፈተና ጊዜ ብቻ የሚቀንስ ፕሮግራም ገጥሞ መያዙ በአውሮፓ የናፍጣ አውቶሞቢልን ስም ክፉኛ ጎዳው። ሞተሩ ሳይጠፋ ገበያ ዳር የሚቆመው አይሱዙ ጭሱን የሚያስታቅፈው ከሥሩ ቲማቲም ዘርግታ ለምትሸጠው ሴት ነው። በአገራችንም መንግሥት በጥር 2024፣ በእኛ በ2016 ዓ.ም፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ እንደ አጎቴ ያለ ሰው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ያገለገለ መኪና ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ደግሞ የሞተሩ ጤንነት ከነዳጁ ዓይነት ይቀድማል። በኤሌክትሪኩ መኪና ላይ አጎቴ አላሰበም፤ ባቲ ላይ መብራት ሲጠፋ የት ይሰካዋል?

ሁለቱንም መኪኖች ኮምቦልቻ ወስዶ መካኒክ አሳያቸው። የፒካፑ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ጭሱም ሰማያዊ ነው። አጎቴ ኮሮላዋን ገዛ። ባለቤቱ ለሦስት ቀን ያህል አኩርፋ ነበር። እህሏን ሰኞ ሰኞ አሁንም የምታመጣው እንደ በፊቱ በአይሱዙ ነው፤ ሒሳቡን በኩንታል ትከፍላለች።